ጓዳው ይበቃል፦ ጎንደር ላይ በትንሽ ብር ስለ ሰው ንግድ ፊልም አሠራር

ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ጎንደር መናኸሪያ ቁሙ። ከገጠር የመጣ መኪና ይቆማል። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጆንያ ያወርዳል። አንዲት ልጅ ልብሷን በፌስታል ይዛ ትወርዳለች። ያደረገችው ኮንጎ ጫማ ነው። ከፊቷ የምትሄደው ሴትዮ ዞር ብላ «ነይ ቶሎ፣ ባጃጁ ጥሎን ይሄዳል» ትላታለች። ባጃጅ ውስጥ ይገባሉ። አለቀ። አጠገባቸው ጫማ የሚጠርገው ልጅ እንኳን ቀና ብሎ አላያቸውም።

ይህን በስልክ መቅረጽ ይቻላል። የሚያስፈልገው ሁለት ተዋናይ፣ አንድ ባጃጅና አንድ የፈቃድ ደብዳቤ ነው። ፊልማችሁም ከዚህ ቢጀምር ጥሩ ነው።

ስክሪፕት ይዘው «እስቲ እየው» የሚሉኝ ልጆች ግን አብዛኞቹ ከበረሃ ይጀምራሉ። መተማ፣ ሱዳን፣ ሊቢያ፣ መሣሪያ የያዘ ሰው፣ ሰው የታጨቀበት የጭነት መኪና። ታሪኩ ውሸት አይደለም። በአዘዞና በአይከል አድርጎ መተማ የሚወርደው መንገድ ስንቱን እንደወሰደ ጎንደር ያውቃል። ችግሩ ብሩ ነው። በትንሽ ብር በረሃ የገባ ፊልም ሽጉጡም የፕላስቲክ ይሆናል፣ ለቅሶውም የፕላስቲክ ይሆናል። ጓዳ ግን ሁላችንም አለን። ከገጠር በ«አስተምርሻለሁ» መጥታ ጓዳ ውስጥ የቀረች ልጅም ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲህ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ካሜራችሁን ጓዳ ውስጥ ታስቀምጣላችሁ በሚል የተጻፈ ነው።

አንደኛ፦ ወንጀሉን ለዩ

ስክሪፕት ከመጻፋችሁ በፊት አዋጅ ቁጥር 1178/2012ን አንብቡ። ገና በርዕሱ ሁለት ነገር ይለያል። አንዱ በሰው መነገድ ነው። ሌላው ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር ነው። ብዙ ፊልም ሁለቱን ደባልቆ ያቀርባል። በሰው ለመነገድ ድንበር መሻገር ግድ አይደለም። ከበለሳ ጎንደር፣ ከአርማጭሆ ጎንደር፣ ከአንድ ሰፈር ሌላ ሰፈር ሊሆን ይችላል።

ወንጀሉ ሦስት እግር አለው። የመጀመሪያው ድርጊቱ ነው፦ መመልመል፣ ማጓጓዝ፣ ማስጠለል፣ መቀበል። ሁለተኛው መንገዱ ነው፦ ማታለል፣ ማስገደድ፣ የሰውን ችግር መጠቀሚያ ማድረግ። ሦስተኛው ዓላማው ነው፦ መበዝበዝ። ተጎጂዋ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ሁለተኛው እግር ባይኖርም ወንጀሉ ይቆማል። «ፈቅዳ ነው የመጣችው» የሚለው ነገር አያድንም።

ይህ ለጸሐፊ ትልቅ ስጦታ ነው። ሦስቱ እግሮች ሦስት ትዕይንት ናቸው። ሴትዮዋ ገጠር ሄዳ እናትየዋን ስታነጋግር አንድ። «ማታ ማታ ትማራለች» ስትል ሁለት። ከስድስት ወር በኋላ ልጅቷ ደሞዟን ስትጠይቅ ሦስት።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የቤት ሠራተኛ የቀጠረ ሁሉ በሰው ነጋዴ አይደለም። ተመልካቹ ውስጥ ሠራተኛ ያላቸው እናቶች አሉ፤ ሁሉንም ከሰደባችኋቸው ተነሥተው ይወጣሉ። ስለዚህ ነገሩ የት ላይ እንደተበላሸ አሳዩ። ደሞዝ «እኔ ጋ ይቀመጥልሽ» ተብሎ ቀረ። ስልኳ ተወሰደ። የመጓጓዣውና የልብሷ ዋጋ ዕዳ ተብሎ ተጻፈባት። ብቻዋን ከበር መውጣት ተከለከለች። ዕድሜዋንም አትርሱ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የቤት ሠራተኛን በቀጥታ ባይሸፍንም ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል።

ሁለተኛ፦ ሰው አነጋግሩ፣ ግን ቁስል አትነካኩ

እዚህ ላይ ቸኩላችሁ ተጎጂ ፍለጋ አትውጡ። «የደረሰብሽን ንገሪኝ» ብሎ ማይክ መደቀን ያማል። ይልቅ ዙሪያዋን ያሉትን ሰዎች አነጋግሩ። የማታ ትምህርት የሚያስተምሩ መምህራን ማን ክፍል ውስጥ እንደሚያንቀላፋ ያውቃሉ። የመናኸሪያ ረዳቶች ማን በየሳምንቱ ከአዲስ ልጅ ጋር እንደሚወርድ አይተዋል። የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሠራተኞችና የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የያዙ ፖሊሶችም አሉ። ሕጉን እንዲያዩላችሁ ከዩኒቨርሲቲው የሕግ መምህራን አንዱን በቡና ያዙት።

ድሮ በልጅነታቸው ሰው ቤት የሠሩ፣ አሁን ራሳቸውን የቻሉ ሴቶች ፈቅደው ካወሯችሁ አዳምጡ። አትቅረጹ። የአንዷን ታሪክ እንዳለ አትውሰዱ፤ ጎንደር ትንሽ ናት፣ ሰው ይለያታል። ከአምስት ሴት አምስት ትንንሽ ነገር ውሰዱ። አንዷ የነገረችኝን እስካሁን አልረሳሁም። ቤቱ ውስጥ የራሷ የሚባል ነገር አንድ ኩባያ ብቻ ነበር አለችኝ። እጀታው የተሰበረ። ይህን ቁጭ ብሎ የሚፈጥር ጸሐፊ አላውቅም።

የደላላ ስም፣ ስልክ፣ የቤት አድራሻ እጃችሁ ከገባ ፊልም ውስጥ አታስገቡት። አሁን አደጋ ላይ ያለች ልጅ ካገኛችሁ ደግሞ ፊልሙን ተዉትና ለፖሊስ አመልክቱ።

ሦስተኛ፦ ታሪኩን አንድ ቤት ውስጥ ክተቱት

75 ደቂቃ ይበቃችኋል። ዋና ቦታው አንድ ቤት፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም ወይም የቆርቆሮ አጥር ያለው ግቢ ይሁን። ከዚያ ውጭ መናኸሪያ፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤት በር። ንግግር ያላቸው ገጸ ባሕርያት ከስድስት አይብለጡ። አንድ ሰው በጨመራችሁ ቁጥር አንድ ምሳ፣ አንድ መጓጓዣ፣ አንድ «ዛሬ አልመጣም» ትጨምራላችሁ።

ክፉዋን ሴትዮ ክፉ አታድርጓት። ልብስ ትግዛላት። ሲያማት ሐኪም ቤት ትውሰዳት። ለጎረቤት «ልጄ ናት» ትበል። እናትየዋም በየበዓሉ ስልክ ደውላ ታመስግናት። ንግግሩ እንዲህ ዓይነት ይሁን፦

«እትዬ፣ ለእናቴ ላኩላት?»
«ምኑን?»
«ደሞዜን።»
«እኔ ጋ ነው ያለው። እበላብሻለሁ ብለሽ ነው?»
«ኧረ አይደለም፣ እትዬ።»
«በይ ቡናው እንዳይገነፍል።»

ጥፊ የለም፣ ጩኸት የለም። ተመልካቹ ግን ወንበሩ ላይ ይቆነጠጣል። እንዲህ ዓይነት ትዕይንት ለመቅረጽ ግማሽ ቀን ይበቃል፤ የሚወጣው ብር ደግሞ የቡናው ዋጋ ነው።

አንድ የስክሪፕት ገጽ አንድ ደቂቃ ፊልም ነው የሚባለውን ብዙ አትመኑ። በአማርኛ ስንጽፍ ገጹ ብዙ ይይዛል። ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ፣ ዝምታውንም እየቆጠራችሁ፣ በሰዓት ለኩት።

አራተኛ፦ ብሩ የት እንደሚሄድ እወቁ

ዋጋ አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይቀየራል። ቁጥሩን ግን እናስላ። 9 የቀረጻ ሠራተኛና 5 ተዋናይ ብትሆኑ፣ 12 ቀን ብትሠሩ፣ 168 ምሳ ነው። ቁርስና ሻይ ሳይጨመር። ሰው ካሜራ ኪራይ ላይ ሲጨቃጨቅ ይውልና ምግብ ላይ ይከስራል። ምግቡን በሰሃን ከመግዛት አንዲት ጎበዝ ሴት ግቢው ውስጥ እንድታበስል ተስማሙ። በጾም ወቅት ከቀረጻችሁ ሽሮና ምስር ወጪ ይቀንስላችኋል። ግን ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ተዋናይ ከቀትር በኋላ ጉልበት አይኖረውም። ከባዱን ትዕይንት ጠዋት አድርጉት።

ካሜራ አለመከራየትም ይቻላል። ደህና ስልክ ካላችሁ ብሩን ማይክ ላይ አውጡት። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ከጠቅላላው ብር አንድ አስረኛውን አትንኩት፤ ባጃጅ ይበላሻል፣ መብራት ይጠፋል፣ ሰው ይታመማል።

ለተዋናይ መክፈል ካልቻላችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። ደሞዝ ስለተከለከለች ልጅ ፊልም እየሠሩ የሰው ደሞዝ መብላት ያሳፍራል። ሲደረግ አይቻለሁ።

አምስተኛ፦ ተዋናይ

ልጅቷን የምትጫወተው 18 የሞላት፣ ሲያዩዋት ግን 14 የምትመስል ብትሆን ይሻላል። እውነተኛ ልጅ ካስገባችሁ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይኑር። ወላጅ ወይም አሳዳጊ በቀረጻው ሁሉ አጠገቧ ይሁን። ከትምህርት ቤት አታስቀሯት። ታሪኩን በሙሉ ማወቅ የለባትም፤ የእሷን ትዕይንት ብቻ በሚገባት ቃል ንገሯት።

ሴትዮዋን የምትጫወተውን ለመምረጥ አንድ ዘዴ አለኝ። ለፈተና ከመጡት ሴቶች መካከል ልጄን ለየትኛዋ አደራ እሰጣለሁ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። እሷን ውሰዱ።

ስለ አነጋገርም ላንሳ። የገጠር ልጅ የአዲስ አበባ አማርኛ ስታወራ የጎንደር ሰው በመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ይስቃል። ከዚያ በኋላ ብታለቅስም አያለቅስላትም። ከወገራ፣ ከደምቢያ፣ ከጭልጋ የመጡ ተማሪዎች ከተማው ውስጥ ሞልተዋል። ስክሪፕቱን አስነብቧቸውና የማይሉትን ቃል ያውጡላችሁ።

ስድስተኛ፦ ፈቃድና ቦታ

ከባህልና ቱሪዝም ቢሮ ደብዳቤ፣ ከቀበሌ ማሳወቂያ፣ ከፖሊስ ዕውቅና። ሦስቱንም ኮፒ አድርጋችሁ ዳይሬክተሩም፣ ካሜራ የያዘውም፣ መኪና የሚጠብቀውም ይያዝ። መናኸሪያ የራሱ አስተዳደር አለው፤ ቀድማችሁ አነጋግሩ። ድሮን እርሱት። ለእሱ የሚጠየቀው ፈቃድ ሌላ ዓለም ነው፤ ታሪኩም ከሰማይ የሚታይ አይደለም።

ፋሲል ግቢ ውስጥ መቅረጽ የሚያምረው ብዙ ነው። የራሱ ፈቃድ አለው። እኔ ግን ውስጡ አትግቡ እላለሁ። ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ያለ፣ ሰው ከዓለም ዳር መጥቶ የሚያየው ግቢ ነው። የእናንተ ልጅ ግን ልብስ ስታሰጣ ከሰገነት ላይ ማማውን ብቻ ትየው። አንድ ዓመት ጎንደር ኖራ በሩ ላይ አልደረሰችም። ይህን ማንም በቃል ሳይናገር ሁለት ጊዜ ካሳያችሁት ይበቃል።

ቅዳሜ ገበያ ለመቅረጽ ቆንጆ ነው፤ ሰው ግን ይሰበሰባል። ካሜራውን ሱቅ ውስጥ ደብቃችሁ በሩቅ ቅረጹ፤ ፊታቸው ጎልቶ የሚታይ ሰዎች ካሉ ግን ፈቃድ ጠይቁ።

ሰባተኛ፦ ቀኑን ምረጡ

ከሰኔ እስከ መስከረም አትሞክሩት። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ንግግር አይሰማም። ጥር ላይ ደግሞ ጥምቀት ነው፤ አልጋም ባጃጅም አይገኝም። ጥቅምትና ኅዳር ምርጥ ናቸው።

75 ደቂቃ በ12 ቀን ሲካፈል በቀን 6 ደቂቃ ገደማ ነው። ይከብዳል፤ ግን ቦታው አንድ ቤት ስለሆነ ይቻላል። ቦታ ስለማትቀያይሩ የቤቱን ትዕይንት በታሪኩ ቅደም ተከተል ቅረጹት። ተዋናይቷ እየደከመች ስትሄድ ድካሟ ራሱ ይሠራላችኋል።

የሌሊት ትዕይንቶችን ቀን ሥሯቸው። መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስና በጥቁር ላስቲክ ሸፍኑ። የእንቅስቃሴ ሰዓት ገደብ ቢኖርም ባይኖርም ተዋናዮቻችሁን ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ቤታቸው አድርሱ።

ስምንተኛ፦ ካሜራና ብርሃን

ስልኩን በሴኮንድ 25 ፍሬም (ምስል) ላይ፣ ሹተሩን (አንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) አንድ ሃምሳኛ ሴኮንድ ላይ አድርጉት። ምክንያቱ ቀላል ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ከዚህ ጋር ካልገጠመ አምፖሉና የሸምበቆ መብራቱ ምስሉ ላይ ሊርገበገብ ይችላል። ብርሃንና ቀለም በራሱ እንዳይቀያየር ቆልፉት። ስልኩ ብቻውን ይህን ካልፈቀደ የሚፈቅድ አፕ ጫኑበት።

ጎንደር ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። የቀትር ፀሐይ ፊት ላይ ስትወርድ ዓይን ጉድጓድ ይሆናል። ውጭ ያለውን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3፣ ከዚያም ከ10 ሰዓት በኋላ ቅረጹ። በመሀል ቤት ግቡ። መስኮት ላይ አቦጀዲ ወጥሩ፤ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣችኋል። ጥቁር ፎጣ ወይም ጥቁር ጨርቅ በሌላው ጎን ብታደርጉ ፊቷ ግማሹ ጨለማ ይሆናል።

ካሜራው ከልጅቷ ዓይን ከፍታ አይውጣ። ስትቀመጥ ይቀመጥ፣ ስታጥብ ወለል ላይ ይውረድ። ሴትዮዋ ስትገባ መጀመሪያ ጫማዋ ይታያል። የጥቃት ትዕይንት ካለ ከበሩ ውጭ ሁኑ። የተዘጋ በርና የሚጮህ ሬዲዮ በቂ ነው። ልጅቷን ራቁቷን ወይም ስትደበደብ የሚያሳይ ምስል ለፖስተርም፣ ለማስታወቂያም አትጠቀሙ።

ዘጠነኛ፦ ድምፅ

እዚህ ላይ ብዙ ፊልም ይሞታል። እኛም ሞተን እናውቃለን።

አንድ ጊዜ ቤት ፍለጋ እሁድ ወጣን። ጸጥ ያለ፣ ጥላ ያለው ግቢ አገኘን። ቀብድ ከፈልን። ሰኞ ጠዋት ካሜራ ተክለን «እንጀምር» ስንል ከግቢው ጀርባ ግርርር አለ። ወፍጮ ቤት ነው። እሁድ ዝግ ስለነበር አላወቅንም። ባለ ወፍጮውን ለመንን። ሳቀብንና «እህሉን ለማን ልተወው?» አለን። እውነቱን ነው። ያን ቀን የቀረጽነው ሁሉ ተጣለ። ከዚያ ወዲህ ቤት የማየው በምንቀርጽበት ቀንና ሰዓት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ አምስት ደቂቃ እሰማለሁ።

ጎንደር ባለ 44 ታቦት ከተማ ናት። ጠዋት ቅዳሴው በማይክ ይሰማል፣ የመስጊድ አዛንም የራሱ ሰዓት አለው። ሰዓታቸውን ጻፉና በመሀል ሥሩ። ወይም ደስ ካላችሁ ቅዳሴውን ታሪኩ ውስጥ አስገቡት፤ ቤት ውስጥ የተቆለፈች ልጅ ሩቅ ቅዳሴ ስትሰማ ብዙ ነገር ይነገራል።

ልብስ ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክ ለሁለቱ ዋና ተዋናዮች ግዙ ወይም ተዋሱ። ሌላ ስልክ መቅጃ ይሁን። በየቴኩ (ካሜራው በተከፈተ ቁጥር) መጀመሪያ እጅ አጨብጭቡ፤ ኤዲተሩ ድምፁን ከምስሉ የሚያገጥመው በዚያ ነው። ፍሪጅ ካለ ንቀሉት። ማታ መልሳችሁ መሰካት እንዳትረሱ የመኪናውን ወይም የበሩን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ፤ ያለ ቁልፍ መሄድ አትችሉም። ከየክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት ሁሉም ሰው ዝም ብሎ 30 ሴኮንድ የክፍሉን ዝምታ ቅዱ።

አሥረኛ፦ ኤዲቲንግና ሙዚቃ

በየማታው ቀረጻውን ሁለት ቦታ ገልብጡ። ሁለቱ ሃርድ ዲስኮች አንድ ቤት አይደሩ። ለአንድ ደቂቃ ፊልም አምስት ደቂቃ ብትቀርጹ 375 ደቂቃ ነው፤ ስም ካልሰጣችሁት ትጠፋላችሁ።

ሙዚቃ ከዩቲዩብ አታውርዱ። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 አለ፣ ዩቲዩብም ፊልማችሁን ሊያግድ ይችላል። ጎንደር ውስጥ ሆኖ ደግሞ ምን አስጨነቃችሁ? አንድ አዝማሪ ፈልጉ፣ ታሪኩን ንገሩት፣ ክፈሉት፣ በጽሑፍ ተፈራረሙ። ግጥሙን አስወጥታችሁ ማሲንቆውን ብቻ ብትጠቀሙ የበለጠ ይሻላል፤ ግጥም ሲገባ ተመልካቹ ሊሰማው የሚገባውን ሐዘን ቀድሞ ይነግረዋል።

አሥራ አንደኛ፦ ለሰው ከመልቀቃችሁ በፊት

ያልተጨረሰውን ቅጂ ሦስት ቦታ አሳዩ። ቤታቸውን ለሰጧችሁ ሴትዮ፣ ለማታ ተማሪዎች፣ ከገጠር ለመጡ ወላጆች። በየእይታው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚያውቅ አንድ ባለሙያ ይገኝ። ፊልሙ ሲያልቅ አንዲት ልጅ «እኔም…» ብላ ልትነሣ ትችላለች። እናንተ ለዚያ አልሠለጠናችሁም።

የሚሉትን ጻፉ፣ አትከራከሩ። የመጀመሪያውን ፊልማችንን ያየች አንዲት እናት ስትወጣ በር ላይ ያዘችኝና «ቆይ፣ ሴትዮዋ ምን አጠፋች? አበላቻት፣ አለበሰቻት» አለችኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም። በማግስቱ ተዋናዮቹን ጠርተን አንድ ትዕይንት ጨመርን። ሴትዮዋ ተኝታለች። ልጅቷ ጓዳ ውስጥ የዕዳ ደብተሩን በመብራት ታነባለች። የመኪና፣ የኮንጎ ጫማ፣ የሳሙና፣ የሐኪም ቤት። ከሥር ድምሩ። ቀጥሎ በዚያው እጅ ጽሑፍ የሌላ ልጅ ስም፣ ከዚያ የሌላ። ርዝመቱ 50 ሴኮንድ ነው። የወጣበት ብር የአንድ ደብተር ዋጋ ነበር።